በሰጋቱራው ፋንታ

ለልጄ፣

ሰላምን የሚሰጥ አምላክ ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርገው። እንዴት ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ የጆሮ ሕመም ዘንድሮ ማረሽ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ብቻ ከዶሮ ቤቱ ወዲያኛው ጫፍ እስክደርስ ቆም ቆም ያደርገኛል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ዶሮዎቹ እንቁላል ለሚጥሉበት ጎጆ ያመጣሽውን የላስቲክ ምንጣፍ እምቢ ያለችው እናትሽ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ዶሮዎቼ ላስቲክ ላይ አይጥሉም ብላለች ብዬ የላክሁብሽ ቃል ከእሷ አፍ አልወጣም። በቀብሯ ቀን ከሰዉ ጀርባ ቆመሽ ሳይሽ ልነግርሽ ወደ አንቺ ተራመድኩ፤ ሰው አየኝና ተመለስኩ።

ያን ጠዋት አትረሽውም። ጥቅሉን በትከሻሽ ተሸክመሽ መጥተሽ፣ አባዬ፣ እናቴን የሚያስላት የሰጋቱራው አቧራ ነው፣ ይሄ ሣር መሳይ ግን አይቦንም፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ብለሽ ዘረጋሽልኝ። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ከተጠመቅሽ በኋላ ማኅበራችንን ትተሽ የወጣሽ ነሽና፣ ከተወገዘ ሰው እጅ አንቀበልም፣ መሬት ላይ አስቀምጪው አልኩሽ። ጎንበስ ብለሽ አስቀመጥሽው። እናትሽ በመስኮት ታይ ኖሮ፣ አንተ ሰውዬ፣ እጇን ባትቀበል ምንጣፉ ምን አደረገህ? ምንጣፍም ይወገዛል እንዴ? አለችኝ። ልትስቅ ጀምራ ሳሉ አቋረጣት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጥቅሉን ጋሪ ቤት ወረወርኩት፤ ያንን የሐሰት ቃልም ላክሁብሽ። እሷ አልጋ እስክትይዝ ድረስ ሰጋቱራውን በእቅፏ እየተሸከመች ጎጆዎቹን ስትሞላ ከረመች። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው ካለን በኋላ እንኳ ጥቅሉን አልፈታሁትም። አቧራው ገደላት አልልም፤ አልገደላትም ለማለትም አፍ የለኝም።

በፋሲካ ማግስት ግን ፈታሁት። አሮጌውን ሰጋቱራ ጠርጌ አወጣሁና ምንጣፉን እየቆረጥኩ በየጎጆው አነጠፍኩ። ዶሮዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ወለሉ ላይ፣ በየጥጉ፣ ኩሳቸው ውስጥ ይጥሉ ጀመር። ጎረቤታችን ሜኖ ጎንበስ ብዬ እንቁላል ስለቅም አገኘኝና፣ ምነው፣ ዶሮዎችህም ከማኅበር ወጡ? ብሎ ቀለደብኝ። ያለው ነገር የገባው ቆይቶ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በኋላ ምንጣፉ ላይ አንዳንድ እፍኝ ሰጋቱራ በተንኩላቸው። ዶሮ የለመደችውን በአንዴ ብትነጥቂያት ታኮርፋለች። እያዩ፣ እየጫሩ ገቡ። እኔም እፍኙን እያሳነስኩ መጣሁ። አሁን ባዶው ምንጣፍ ላይ ይጥላሉ፤ እንቁላሉም ንጹሕ ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ድሮ እንደ ጭስ የሚንሳፈፈው አቧራ የለም። እዚያ ቆሜ አየሩን ሳብኩትና አለቀስኩ። ይህን አየር መሳብ የነበረባት እሷ ናት።

የማኅበራችን ሽማግሌ ጌዴዎን ይህን ሰምቶ መጣ። ምንጣፉን ማን ሰጠህ? አለኝ። ልጄ አልኩት። ከእጇ ተቀበልክ? አለኝ። አልተቀበልኩም፣ ኃጢአቴ እሱ ነው አልኩት። ጺሙን ይዞ ወደ ምንጣፉ ጎንበስ አለ። ከዚያ፣ ወንድሜ፣ ይህን ቃል ጉባኤ ፊት እንዳትደግመው፣ አንተንም ያስወጣሃል አለኝ። ለእኔ ፈርቶ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ቃሉን ግን በእሑዱ ጉባኤ ተንበርክኬ ልደግመው አስቤያለሁ።

እንግዲህ እኔ ያልተቀበልኩትን እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው። የነካሽውን ያለምልምልሽ፣ ባልሽንም ይጠብቅልሽ። ስሙን አንድ ቀን እንኳ ጠርቼው አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን አነሣዋለሁ።

የታችኛው ረድፍ ጎጆዎች ወለላቸው በስብሶ ነበር፤ ምንጣፉን የሚሸከም ሳንቃ አጣሁ። ስትመጪ ከእኛ ማዕድ ተለይተሽ እንድትበዪባት በመስኮቱ ሥር ያቆምኩልሽ ትንሿ ጠረጴዛ ጥሩ ዝግባ ነበረች። ዛሬ ከቁርስ በኋላ ወደ ደጅ አወጣኋትና በመጋዝ ቆራርጬ ለጎጆዎቹ ወለል አደረግኋት። አሁን በዚህ ቤት የሚበላበት ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው።

አባትሽ