ርካሹ ሽቶ ስንት ቀን ይቆያል

ማክሰኞ

ጫልቱ "ጭስ ጭስ ትሸታለህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የወረዳው የንብ ባለሙያ ነኝ፣ ከማጨሻ ጋር ነው የምውለው። ግን አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ አምስት ቀን ሲቀረኝ መስማቱ ደስ አላለኝም። እሑድ የሚሄዱት ሽማግሌዎቹ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ገና ሳትጠየቅልኝ ጭሱን ከቆጠረችብኝ ከሠርጉ በኋላ ምን ልትል ነው?

እሷ የምታስተምረው አምቦ ስለሆነ፣ እዚያ ድረስ ሸኝቻት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ርካሽ የወንድ ሽቶ አወጣ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ማር ያንሳል። ጠርሙሱ ከባድ ነው፣ ክዳኑ ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ። "ሞክረውና ቅዳሜ ና" ብሎ አንዴ እጄ ላይ፣ ሁለቴ የኮቴ ኮሌታ ላይ ረጨልኝ።

መጀመሪያ ሎሚ። ቀጥሎ የሕክምና አልኮል። ጊንጪ ቤቴ ስደርስ እጄ ላይ ምንም የለም።

ረቡዕ

ጠዋት፦ ኮቱ ላይ ትንሽ ጣፋጭ ነገር አለ፣ የተፋቀ እንጨት መሳይ።
ቢሮ፦ ማንም ምንም አላለኝም። ጸሐፊዋን በግልጽ ጠየቅኳት። "ጉንፋን ይዞኛል" አለች። ምስክር እንዲህ ነው።
ከሰዓት፦ እኔንም አይሸተኝም።

ፍርድ፦ አይቆይም። አይገዛም።

ሐሙስ

ኦቦ ዳባ፣ የጫልቱ አባት፣ ጭልሞ ጫካ ዳር ያለውን ቀፏቸውን እንድፈትሽላቸው ጠሩኝ። ብርድ ስለነበር ያንኑ ኮት ለብሼ የንብ ልብሱን ከላይ ደረብኩ። ሽቶው ትዝም አላለኝ፤ ጠፍቷል ብዬ ጽፌ የለ?

ክዳኑን ከፈት ሳደርግ ንቦቹ ኮሌታዬ ላይ ተረባረቡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ኦቦ ዳባ መረብ ሳያደርጉ ሊረዱኝ ጠጋ አሉና አንዴ የዓይናቸው ቆብ ላይ፣ ሁለቴ ከንፈራቸው ላይ ተነደፉ።

ሮጠን ቤት ስንደርስ ኮሌታዬን አሸተቱ። "ያ ኢልማ፣ አንተ ልጅ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ ቀፎ አትጠጉ ያልከን አንተው አይደለህም እንዴ?" አሉኝ። ለንብ አናቢዎች የሰጠሁት ሥልጠና ላይ ፊት ወንበር ነበሩ።

"እኔው ነኝ ኦቦ፣ ግን የተረጨሁት ማክሰኞ ነው" አልኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

የትናንቱ ፍርድ ተሽሯል። ጨርቅ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል።

ዓርብ

ጫልቱ ደወለች። የአባቷ ግራ ዓይን ጨርሶ ተደፍኗል፣ ከሾርባ በቀር የሚበሉት የለም። "ሽማግሌዎቹን ላስቀር?" አልኳት። "እንደፈለግክ" አለች። ጫልቱ እኔን እንደፈለግክ ብላኝ አታውቅም።

ትልቁን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡትን ርዕሰ መምህር፣ አማከርኩ። "ቀን ቆርጦ መቅረት ንቀት ነው። እብጠቱ በሳምንት ይጎድላል፣ ንቀት ግን ይቆያል" አሉኝ። ይሂዱ ብያለሁ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ

አምቦ አልሄድኩም። ኮቱን ሁለቴ አጠብኩት። አሁንም ይሸታል፣ ወይም ለእኔ ይመስለኛል። በራሴ አፍንጫ መፍረድ ትቻለሁ።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ ሄደው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ኦቦ ዳባ እሺም እምቢም አላሉም። "የፊቴ እብጠት ይጉደልና ተመለሱ" ብለው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ልማዱ ነው። የፊቱ ነገር ግን ልማድ ውስጥ የለም።

አሁን ጫልቱ ደወለች። "አባባ የሽቶው ስም ማነው ይላል።"

ሊከሱኝ ነው ብዬ "ለምን ፈለጉት?" አልኩ።

"ሁለት ቀን ሙሉ የሚቆይ ሽቶ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ለሠርግ ይሆነኛል ነው የሚለው። ለአንተ ግን ጭሱ ይሻልሃል።"

የማን ሠርግ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። ነገ አምቦ ሄጄ አንድ ጠርሙስ እገዛላቸዋለሁ።