«ትንሽ» ብላ ዝም ስላለች እናት

ኖቬምበር 6

ለክቡር አቶ ኖሪሂሳ ቱጂሞቶ
በካሚሺኖ ከተማ አስተዳደር የእናቶችና የሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ብዕር ያነሣሁት ክፍልዎ በኦክቶበር 17 ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ዲልሃኒ በላከው ደብዳቤ ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ በምትኩ እውነተኛው እንዲጻፍ ለመጠየቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን ካስቀደምሁ ዘንድ፣ በአስተዳደሩ ግቢ ያሉት ዛፎች ቢጫ በለበሱበት በዚህ ወቅት እርስዎም የሥራ ባልደረቦችዎም በመልካም ጤንነት እንድትሰነብቱ፣ በተለይም ጆሯችሁን ብርድ እንዳያገኘው ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚህ ከተማ የራሳችንን ቋንቋ ለራሳችን ልጆች ለሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ወይዘሮ ዲልሃኒና ባለቤቷ አቶ ሩዋን ከስሪ ላንካ መጥተው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ መኖር ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እርሱ በመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ይሠራል፤ እርሷ እስከ ስድስተኛ ወር እርግዝናዋ ድረስ ምሳ በሚያሽግ ድርጅት ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ እየወረደች ቋንቋችንን ተማረች። ካስተማርኋቸው ሁሉ የአክብሮት ግሶችን ሳትሳሳት የጨረሰች እርሷ ብቻ ናት፤ ይህን ስጽፍ የራሳችንን ልጆች ቆጥሬ ነው።

ምስጋና ከወቀሳ ይቀድማልና፣ በእነዚያ ወራት ክፍልዎ ስላደረገላት እንክብካቤ አስቀድሜ ላመስግን። የእናትና የልጅ መዝገብ የተባለውን ደብተር በሰጣችኋት ቀን ስሟን በገዛ እጇ፣ በእኛው ፊደል፣ አንድም ጭረት ሳታስቀር ጻፈችበት። ወይዘሮ ዲልሃኒ በአምስተኛ ወሯ ገና ከሚዛን ላይ ሳትወርድ ነርሷ «አንቺ ደግሞ፣ የአገርሽ ሩዝ ነው እንዲህ ያሳበጠሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ሳህን!» ስላለቻትም አመሰግናለሁ፤ የጨመረችው ሰንጠረዣችሁ ከሚፈቅደው አንድ ኪሎ እንኳ ያለፈ አልነበረም፤ እርሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በእግሯ ትገባ ነበር። የአባቶች ሥልጠናችሁም አይረሳም። አቶ ሩዋን የመለማመጃውን የሕፃን አሻንጉሊት ሲያጥብ አሠልጣኟ «አባትዬው፣ አንገቱን ደገፍ እንጂ፤ ልብስ እኮ አይደለም የምታጥበው!» ብላ ሰውን ሁሉ ስላሳቀችበት፣ በማግስቱ ሦስት ኪሎ የሚሆን ጥቅል ጎመን ገዝቶ በፎጣ እየጠቀለለ ቤቱ ውስጥ ሲለማመድ ሰነበተ። ወይዘሮ ዲልሃኒ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ «መምህርት፣ ጉድ ሆነናል፤ ልጃችንን ለእራት ቀቅለን በላነው» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት የመጨረሻው ቀን ያ ይሁን ሌላ ቀን አሁን አላስታውስም፤ ባስታውስ በወደድሁ ነበር።

አሁን ወደ ቃሏ ልምጣ።

እርስዎም ከእናትዎ ጉልበት ሥር እንደተማሩት፣ በአገራችን አስጨናቂ ነገር ሙሉ ሆኖ አይነገርም። «ትንሽ» ይባልና ዝም ይባላል፤ የቀረውን የሚሞላው ሰሚው ነው። ዓሣ ሻጩ «እመቤት፣ የዛሬው እንኳ ትንሽ…» ካለ ማንም አይገዛም። ሐኪሙ «ውጤቱ ትንሽ…» ብሎ መነጽሩን ካወለቀ ቤተ ዘመድ ይጠራል። ለወይዘሮ ዲልሃኒ ይህን ያስተማርኋት በሁለተኛው ዓመት ነው። «መምህርት፣ ነገሩ ትልቅ ሆኖ ሳለ ለምን ትንሽ እላለሁ?» ብላ ተከራክራኝ ነበር። «ሰሚው ያውቃል፤ አንቺ ሰሚውን እመኚው» አልኋት። እርሷም አመነችው።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ/ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 9 ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ለነፍሰ ጡሮች ወደተመደበው የምክር ስልካችሁ ደወለች። ባለቤቷ ጠይቆ ከራሳችሁ መዝገብ ያገኘው ጽሑፍ እንዲህ ይላል። እርሷ፦ «በሥራ ሰዓትዎ ስላስቸገርሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕፃኑ ከትናንት ጀምሮ፣ እንቅስቃሴው፣ ትንሽ…» ሠራተኛችሁ፦ «ትንሽ? ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል ማለትሽ ነው?» እርሷ፦ «እንደሱ እንኳ… ትንሽ…» ሠራተኛችሁ፦ «በቃ ይንቀሳቀሳላ! የመጀመሪያ ልጅሽ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም እንዳንቺ ይፈራል። ሐሙስ ቀጠሮ አለሽ አይደል? እስከዚያ ጋደም በይ፣ እሺ?» እርሷ፦ «እሺ። ስላደመጡኝ አመሰግናለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ ያንኑ «ትንሽ» ከእኔ አፍ ቢሰማው ኖሮ ሠራተኛችሁ ወንበሩን ገፍቶ በተነሣ ነበር። የባዕድ አገር ሰው ስለተናገረችው ግን ቃሉን በሚዛን መዝኖ ትንሽ ሆኖ አገኘው። እርሷ እንደ እኛ ተናገረች፤ እርሱ እንደ እንግዳ ሰማት።

እኔ በዚያ ሳምንት እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ ከነሻንጣዬ ደረጃው ሥር አገኘኋትና «ሕፃኑስ እንዴት ነው?» አልኋት። «መምህርት፣ ትንሽ…» አለችኝ። ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ታክሲ ጠራሁ። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር የነገረችኝ ነገር አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተተ የልብ ምት ለረጅም ጊዜ ፈለገ። በማግስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አላለቀሰችም።

፪ኛ/ በዚያ የስልክ ንግግር ውስጥ እርሷ ሠራተኛችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ አነጋግራዋለች፤ እርሱ ግን በአንቺታ መልሶላታል። ለባዕዳን በቀላል ቋንቋ መናገር እንደ ደግነት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ስልክ ሁለት ጫፎች ከነበሩት ሰዎች ቋንቋውን በትክክል ስትናገር የነበረችው አንዷ ብቻ እንደነበረች በመዝገብ ቢያዝልኝ ደስ ይለኛል።

፫ኛ/ እነሆ ዓረፍተ ነገራችሁ፦ «በተገልጋይዋ የቋንቋ ችሎታ ማነስ ምክንያት የሁኔታው አሳሳቢነት ሳይታወቅ ቀርቷል።» እንደ ሰዋስው መምህርነቴ እጠይቅዎታለሁ፤ ያላወቀው ማን ነው? ግሱ ባለቤት የለውም። ቋንቋችን ባለቤቱን ለመተው እንደሚፈቅድ አልዘነጋሁም፤ ፈቃዱ የተሰጠው ግን ለትሕትና እንጂ ለመደበቂያ አይደለም። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተጠቀሰች ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም ልጇን ያጣችው ናት።

ደብዳቤውን ማንም አላነበበላትም። መዝገበ ቃላቷን ይዛ ለብቻዋ አነበበችው፤ ማንበብ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ አንድም የቋንቋችን ቃል አልወጣም። ሱቅ ስትገባ በጣቷ ታመለክታለች፤ እኔን ስታገኘኝ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ባለፈው እሑድ አቶ ሩዋን በሬን አንኳኩቶ፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ፣ «መምህርት፣ ካሣ አልጠየቅንም፣ ማንንም አንከስም። እሷ ግን ሌሊት ሌሊት ልጄን ምላሴ ነው የገደላት ትላለች። እኔ አይደለም ስላት አታምነኝም፤ ባሏ ነኛ። እነሱ ይጻፉላት። በእነሱ ፊደል» አለኝ። ይህን ያለኝ በአሥራ ሁለት ስሕተት በተሞላ ሰዋስው ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አላረምሁም።

እውነት እንዲጻፍ የጠየቀ ሰው ከራሱ መጀመር ይገባዋልና ይህንንም ልጨምር። ያን ቃል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። «ልጄ አልተንቀሳቀሰችም፤ ፈርቻለሁ፤ ድረሱልኝ» ብላ መጮኽን አላስተማርኋትም፤ እንዲህ ያለውን አነጋገር በእርማት ቀለሜ ስሰርዝባት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ለዓረፍተ ነገራችሁ ባለቤት ከቸገራችሁ የእኔን ስም ብትጽፉ ቅር አይለኝም። የእርሷን ግን አውጡ።

ለሥራችሁ መቃናት ይረዳ ዘንድ እኔ ያዘጋጀሁትን አቀርባለሁ፦ «ወይዘሮ ዲልሃኒ በትክክል ነግራን ነበር፤ እኛ አልሰማናትም።» ሁለት ግሶች አሉት፤ ሁለቱም ባለቤት አላቸው። የክፍልዎ ማኅተም ቢያርፍበት ለዓይንም ያማረ ይሆናል።

ወይዘሮ ዲልሃኒና ባለቤቷ ቅዳሜ ኖቬምበር 29 ጠዋት ወደ አገራቸው ለመመለስ ትኬት ቆርጠዋል፤ ዳግም ወደዚህ የሚመጡም አይመስለኝም። ስለሆነም መልስዎ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በእርሷ ስም፣ እስከ ዓርብ ኖቬምበር 28 እንዲደርሳት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ለሚተጋው ክፍልዎ የሚገባውን ያህል፣ ከዚያም አንዲት ፊደል ሳላጎድል፣ አክብሮቴን የማቀርብ፣

ፉሚዬ ኦኩዳይራ
ጡረተኛ የቋንቋ መምህርት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በደብዳቤዎ የመጨረሻ መስመር ላይ «በክቡር ወንድ ልጅዎ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» የሚል ቃል ሰፍሯል። የአክብሮት አገባቡን ደጋግሜ መረመርሁት፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ልጅቷ ግን ሴት ነበረች።