የፊት ሎክ ልመርጥ የሄድኩ ቀን

ሮቤ፣ ሐሙስ ጥቅምት 13

ዛሬ መኪናውን መካኒኩ ጀማል ጋ ወሰድኩት። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ጭቃ ውስጥ እኩል የሚያዞር ሎክ ላስገባለት ነው። ሁለት ዓይነት አለ አለኝ። አንዱ ከውስጥ ቁልፉን ሲጫኑት ይይዛል። ሌላው ራሱ ይይዛል፤ ግን ሳነቴ ተራራ ላይ ውርጭ ካለ መሪው ያስቸግራል።

አባዬ ድሮ አስገባ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የሐረና መንገድ ላይ ጥሩምባ ከነፉ ሰው ከጫካው ወጥቶ ይገፋል እያልኩ ተውኩት። ነሐሴ ላይ ታሞ አንገቱ ከምትባለው ከተማ ወደ ጎባ ሆስፒታል ሳመጣው ጭቃው ያዘን። ብነፋ ብነፋ የሚመጣ ጠፋ። ለካ ሰዉ ለዝያራ ሼክ ሁሴን መቃብር ሄዷል። አባዬ ጋቢውን አውልቆ "ከጎማው ሥር አንጥፈው" አለኝ። አነጠፍኩት። መኪናው ወጣ፣ ጋቢው ተቦጫጭቆ እዚያው ቀረ። ጃኬቴን አለበስኩት፤ እሱም በዝናብ ርሶ ነበር። ሳነቴን ስንሻገር እየተንቀጠቀጠ "አልበረደኝም" ይለኛል። ጎባ ሳንደርስ አረፈ።

ዛሬ ጀማል የፊት ጎማውን ሲፈታ አክስሉ ላይ የተጠመጠመ ነገር በፒንሳ መዞ አወጣ። "ይሄ ፈትል ደግሞ ከየት መጣ?" ብሎ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት።

"እሺ፣ የትኛው ይሁን?" አለኝ።

"ራሱ የሚይዘው። እኔን የሚጠብቅ ነገር አልፈልግም።"

"ሳነቴ ላይስ?"

ፈትሉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ፈትሉን አጠብኩት። አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም።