ወርቅ የሚታጠብበት ወንዝ በእንግዶች መምሪያ

አሶሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ከመምህርነት በተዛወርኩበት የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ፣ አለቃዬ የአንድ የካሪቢያን ደሴት የጎብኚዎች መምሪያ ሰጥቶኝ፣ «ለአዲሱ ክልላችንም እንደዚህ ጻፍ» አለኝ። እነሱ የመዋኛ ባሕር ዳርቻቸውን በጻፉበት ቦታ፣ የእኛ ሴቶች ወርቅ የሚያጥቡበትን ወንዝ እንዳስገባ አዘዘኝ። ለመሆኑ ጎብኚ ወርቅ ማጠቢያ ምን ያደርግለታል?

የሆሞሻ ወረዳ ተወላጅ የሆኑት የቢሮው ዘበኛ አባ አልማሂ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። «መምህር፣ እኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጠይቃል። ወረቀት ይዞ የመጣ ማንን ይጠይቃል?» አሉኝ።

ወንዙን ትቼ ስለ ወባ፣ ስለ ክረምት መንገድና ስለ ማደሪያ ብቻ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አልተቆጣም። እስክሪብቶውን አወጣና ማንንም ሳይጠይቅ የወንዙን ስም፣ መታጠፊያውን፣ መኪና የሚቆምበትን የማንጎ ጥላ ሳይቀር በገዛ እጁ ጨመረበት።

ባለፈው ሳምንት ግን ይኸው አለቃዬ «እዚህ ከተመደብኩ ወዲህ ከከተማው ወጥቼ አላውቅም» ብሎኝ ነበር።