የለገሰ ፒንሳ

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ዛሬም ጫማ የምጠግነው እኔ ነኝ። ባሌ ለገሰ ሌሊቱን በሳል አልተኛም። የሰፈራችን የካርቲየ ሰባት ደንበኛ ትዕግሥት የለውም፤ የምንሠራበትን ጥግ ባዶ ካገኘ ወደ ሌላ ጠጋኝ ይሄዳል። ቆዳ የምበሳው በለገሰ ፒንሳ ነው። ጉደኛ ፒንሳ። አንዱ እጀታ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ሌላው እንደ ካቻቪቴ ጠፍጣፋ። አፉ ሲገጥም ክብ ቀዳዳ ይተዋል። የጣሊያን ጫማ ሰሪ ዕቃ ነው ይለኛል።

ከሰዓት
ጋሽ ወርቁ መጡ፤ የሰፈሩ ዘበኛ፣ የድሮ ወታደር። ፒንሳውን ሲያዩ ቀልዳቸው ተቋረጠ። አገላበጡት። የፈንጂ አጥማጆች ነው አሉ። አፉ ፈንጂውን የሚያስነሳውን ካፕሱል መጭመቂያ፣ ሹሉ ለካፕሱሉ ቀዳዳ መክፈቻ። ለገሰ ጦር ሠራዊት ውስጥ ወጥ ቤት ነበርኩ ነው የሚለኝ። ወጥ ማማሰል እንኳ አያውቅም፤ ምነው ሳልጠረጥር!

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
ፒንሳውን ፊቱ አስቀመጥኩት። አልካደም። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ ከጅጅጋ ወዲያ፣ ወደ አንድ ውሃ ጉድጓድ በሚወስድ መንገድ ዳር ፈንጂ ቀብሯል። ካርታውን የያዘው አዛዥ እዚያው ሞተ። አብረውት የቀበሩትም አልቀዋል። የጉድጓዱን ስም ሲጠራ ክው አልኩ። አጠገቤ ጫት የምትሸጠው የፋጡማ ወንድም ልጆቹን ይዞ በቅርቡ የሰፈረው እዚያ ነው። ልጆቹ ፍየል ያግዳሉ። ፋጡማ ይህን ስታወራልን ለገሰ አብሮን ሻይ ይጠጣ ነበር። ዝም ብሎ ጠጣ!
ጠላሁት። ልብ በል ማስታወሻዬ፣ ጠላሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 11
ሾርባውን አስቀምጬለት ወጣሁ። ፋጡማ፣ አቦ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሆዴን አሞኛል አልኳት። እኔስ ከእሱ በምን ተሻልኩ?
ማታ፣ ቦታውን ንገረኝና ለሰዎቹ ይድረስ አልኩት። በወሬ አይሆንም፣ ግራሮቹን በዓይኔ ካላየሁ ይጠፋብኛል አለ። ደግሞ ያስሩኛል ብሎ ይፈራል። ይሰሩት።

እሑድ፣ ኅዳር 13
ደም ተፋ። ወደ ጅጅጋ ልውሰደው ብል፣ ሐኪሙ መንገድ አይችልም፣ ይሞትብሻል አሉኝ።
ለፋጡማ ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ልጆቹ ከቤት እንዳይወጡ ጅጅጋ ላለ ዘመዷ ልትደውል ሮጠች። ግን ፍየል ውሃ ይፈልጋል። ልጅ ስንት ቀን ታስሮ ይቀመጣል?
ለገሰ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልሄድም አለ። ቆይቶ ለመንገዱ ሸሚዜን እጠቢልኝ አለ። አጠብኩለት። ስጨምቀው እኔም አለቀስኩ። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።
ነገ በመጀመሪያው መኪና ይዤው እወጣለሁ። መንገድ ላይ ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ። ካስቀረሁት ግን እነዚያ ልጆች…