ደህና ነኝ ስላልኩ ከወረፋ ለሰረዙኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሆድና የነርቭ ሕክምና ማዕከል የሕሙማን ቅበላ ኃላፊ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰኔ 2014 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የበሉትን በሰዓቱ ለሚፈጭልዎት ሆድዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በእኛ የደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ትቻታለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ስሜ የዓለምዘርፍ ይገዙ ይባላል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ አርሊንግተን በሚገኝ ሆቴል ክፍል በማጽዳትና አልጋ በማንጠፍ እተዳደራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ጉርሻ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይወጠራል፤ ጠዋት የቀመስኩትን ከሰዓት በኋላ እንዳለ ያስመልሰኛል። ሦስት ሐኪሞች ጭንቀት ነው ብለው ሸኙኝ። አራተኛዋ ግን የጨጓራዬ ነርቮች ሥራቸውን ሳያቆሙ እንዳልቀሩ ጠርጥራ ይህንኑ ለይቶ ወደሚያክመው ማዕከልዎ ጻፈችልኝ። ሰባት ወር ወረፋ ጠበቅሁ። በዚህ መሃል አሥራ አራት ኪሎ ቀነስኩ፤ የሥራ ቀሚሴን ዛሬ ወገቤ ላይ የሚይዘው መርፌ ቁልፍ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ እንቁላሉ አመሰግናለሁ። ጨጓራ ምግብን በስንት ሰዓት እንደሚያሳልፍ በካሜራ ለማየት ታማሚው መድኃኒት የተቀላቀለበት እንቁላል መብላት እንዳለበት የተነገረኝ በሁዳዴ እኩሌታ ነበር። ቀኑን እንዲለውጡልኝ ብለምን ቀጣዩ ክፍት ቀን መስከረም ነው ተባልኩ። ስለዚህ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በጾም ነክቼው የማላውቀውን እንቁላል በእናንተ ወንበር ላይ እያለቀስኩ በላሁት። ከአራት ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ ካለበት አልተነቃነቀም። ምስሉ በእጃችሁ ይገኛል።

፪. በስልክ ስላቀረባችሁልኝ አስተርጓሚ አመሰግናለሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ያልኩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አድርሰዋል። ወደ ስፔሻሊስቱ ከማለፌ በፊት የሚያዩኝ ዶክተር ገብተው እንደምን ነሽ ቢሉኝ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እንደምን ነዎት አልኳቸው። እኛ ዘንድ ሰላምታ ለሰጠ ሰው ሕመም መዘርዘር ነውር ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና በሞቱበት ዕለት ጠዋት እንኳ ጎረቤት ቢጠይቃቸው ደህና ነኝ ብለዋል። ሕመም የሚወራው ሰላምታው አልቆ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። እኔም ተቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናግሬያለሁ፤ ማስመለሱን፣ ኪሎውን፣ በሥራ መሃል የአንሶላ ጋሪዬን ተደግፌ መሬት መቀመጤን። ይሁን እንጂ የዶክተሩ ጣቶች የሰላምታዬን መልስ ጽፈው እንደጨረሱ የደከማቸው ይመስለኛል።

፫. ባለፈው ወር ስለላካችሁልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። «ታማሚዋ ደህና መሆኗን ስለገለጸች» ከስፔሻሊስቱ ወረፋ መሰረዜን፣ የሥነ ልቦና ምክር ባገኝም እንደሚበጀኝ በትሕትና ገልጻችሁልኛል። ነርስነት የምትማረው ልጄ ኤፍራታ መዝገቤን አስወጥታ አነበበችልኝ። የእንቁላሉ ውጤት «ደህና ነኝ» ከተጻፈባት መስመር ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ተቀምጧል፤ ገጹን የሚገልጥ ሰው ግን በማዕከሉ አልተገኘም። ልጄ ከእንግዲህ ዶክተር ሲገባ ፋይን ነኝ እንዳልል፣ መጀመሪያ ሲምፕተሜን ኤክስፕሌይን እንዳደርግ አስጠንቅቃኛለች። ተቆጣኋት። የተቆጣሁት እውነቷን ስለሆነ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በሰላምታዬ አላፍርም፣ መሰረዜንም አልቀበልም። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የምጽፈውም እንደ እኔ ተነሥተው ደህና ነኝ ብለው የተሸኙ ስንት እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ቀጠሮዬ እስኪመለስ ድረስ በየሰኞው ባቡር ቀይሬ እመጣና በእንግዳ መቀበያችሁ እቀመጣለሁ። ምሳዬንም እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሦስት ጉርሻ ብቻ እበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አብረን እናየዋለን። ለምንጣፋችሁ አዝኜ ፌስታል ይዤ እመጣለሁ።

ሥራዎ እንዲቃና፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ምሳዎም ያለ ቀጠሮ ወደ ታች እንዲወርድልዎ እየተመኘሁ፣ በጨዋነቷ የተቀጣችው አገልጋይዎ

የዓለምዘርፍ ይገዙ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሰኞ ስመጣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ እንደ ልማዷ እንደምን ነሽ ትለኛለች። መልሴን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ደህና አይደለሁም። ያኛውን በጻፋችሁበት ፍጥነት ይህንንም መዝገቤ ላይ ጻፉልኝ።