ከሙሪየል ቶርኖ ጎን፦ የአቶ ኔቪል ታርቨር የሕይወት ታሪክ

አቶ ኔቪል ታርቨር ከአባታቸው ከአቶ ሲሪል ታርቨርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ፕራት፣ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረው በአንድ የማርሽ ፋብሪካ በተለማማጅነት ተቀጠሩ፤ በዚያም ብረት በሚጠርበው ማሽን፣ በፍሬዛ፣ ባለሙያ ሆኑ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሪየልን ያገኙትም እዚያው ነው። ሙሪየል ብረት እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ያለሰለሱት ዘንግ ወደ ኔቪል ፍሬዛ ይመጣና ጎኑ ይጠረባል። አንድ ቀን ኔቪል ዘንጉን ይዘው ሄዱና፣ «እመቤት፣ ይሄ ነገርሽ መሀሉን ስቷል» አሏቸው። ሙሪየል ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር፤ አንተ ስታስረው ነው ያጣመምከው!» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነበር፤ ብረት ከአንዱ ማሽን ተፈትቶ ሌላው ላይ ሲታሰር ትንሽም ቢሆን ቦታውን ይስታል። ክርክሩ ሻይ አስጠጣቸው፤ በ1967 ተጋብተው ልጃቸውን ሮዛሊንድን ወለዱ።

ጡረታ ሲወጡ በጓሯቸው የእንጨት ቤት ውስጥ የሙሪየልን ቶርኖና የኔቪልን ፍሬዛ ጎን ለጎን ተክለው፣ ልጆች የምታሳፍር ትንሽ ባለእንፋሎት ባቡር መሥራት ጀመሩ። ክርክሩም እንደ ወትሮው ቀጠለ። ባቡሯ ሳታልቅ፣ በ2012፣ ሙሪየል አረፉ።

ኔቪል ያችን የእንጨት ቤት ለረጅም ጊዜ ዘግተው ተቀመጡ። ለባቡሯ የቀረው ዋናው ዘንግ ነበር። በቶርኖ መሥራት ያውቃሉ፤ የሙሪየል እጅ ያለሰለሰውን እጀታ መጨበጥ ግን አልሆነላቸውም። በመጨረሻ እጀታውን ፈትተው በጨርቅ ጠቀለሉና ቶርኖውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ አደረጉት፤ ትንሽ የፍሬዛ መቁረጫም ገጠሙበት። ዘንጉ አንዴ ከታሰረ ሳይፈታ፣ መጀመሪያ እየዞረ ይቀረጻል፣ ከዚያም ቆሞ ይጠረባል። ሥራው ቀላል አልነበረም። አንዴ ዘንጉ ቆሞ እንዲቆለፍ ማዘዙን ዘንግተው መቁረጫው ተሰባብሮ መስኮቱን ሰበረው።

ሮዛሊንድ ደንግጣ፣ «አባዬ፣ ለምን የተሠራ አትገዛም?» አለቻቸው።

«የተገዛውን እናትሽ አታውቀውም» አሏት።

ዘንጉ ሲያልቅ ለኩት፤ መሀሉን በፀጉር ስንጥቅ እንኳ አልሳተም። ሮዛሊንድ አጨበጨበች። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ እያገላበጡ ብዙ አዩትና፣ «ምንም እንከን አልወጣለትም። አሁን ከማን ጋር ልከራከር?» ብለው አለቀሱ።

በ2017 ባቡሯ አባል በሆኑበት የትናንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ሐዲድ ላይ ሄደች። ልጆች ተሰልፈው ሲሳፈሩ ባቡሯን የሚነዱት ኔቪል ከበስተኋላቸው ያለውን የመጀመሪያ መቀመጫ ለማንም አይሰጡም ነበር።

አቶ ኔቪል የሳንባ ሕመም ከጸናባቸው ወዲህ አልጋቸው ወደ መስኮቱ እንዲጠጋ ጠየቁ። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ «የጓሮው ቤት መብራት በርቷል?» ይላሉ፤ ሮዛሊንድ ሄዳ ታበራላቸዋለች። አሻግረው ያዩና፣ «አዎ፣ ሰው አለ» ብለው ዓይናቸውን ይከድናሉ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ሲናፍቋቸው ከኖሩት ከሙሪየል ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።